ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚወሰድ ልክ

የዓይን ሕክምና ባለሙያ ከሚወስናቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ፣ የትኛው ታካሚ በጥንቃቄ መለካት እንዳለበት፣ ለየትኛው ደግሞ ግምት እንደሚበቃው መለየት ይመስለኛል። በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በባኮ፣ ባለሙያው ጥቂት ነው፤ ታካሚው ብዙ ነው። ሁሉንም እኩል እንለካለን ማለት የማይፈጸም ቃል መግባት ይሆናል። ስለዚህ ልኬቱ አስቀድሞ መዋል ያለበት ስሕተት በማይታረምበት ቦታ ላይ ነው እላለሁ። ያልተስማማ መነጽር ይወልቃል፣ ይቀየራል። ዓይን ውስጥ የገባ ሌንስ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፤ በሌዘር የተላጠ ኮርኒያም (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ተመልሶ አይበቅልም።

ይህን ስል ገበያ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን የቅርብ መነጽር ማንቋሸሼ አይደለም። ዕድሜው 40ን አልፎ ቅርብ ማየት ለተቸገረ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ግን ሩቁን እኩል ለሚያዩለት ሰው ተዘጋጅቶ የሚመጣው መነጽር ይበቃዋል። በሕንድ አሳም ግዛት በሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ርካሽ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ምርታማነት ካልተሰጣቸው ከ20 በመቶ በላይ በልጦ ተገኝቷል። ምስር የምትለቅም እናትና መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ልብስ ሰፊም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ሞራና ግላኮማ አለመኖሩ ይታይ እንጂ ሰዓታችንን እዚህ ላይ አናባክን።

የዓይን ሞራ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የግማሹ ያህሉ መንስኤም የዓይን ሞራ መሆኑን አመልክቷል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ በምትኩ ሌንስ ይገባል። የሌንሱ ቁጥር የሚታወቀው በኮርኒያው ጉብጠትና በዓይኑ ርዝመት ነው። የአዋቂ ዓይን ርዝመት በአማካይ 23.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1 ሚሊ ሜትር ብንስት ውጤቱ ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ይዛነፋል፤ ሰውየው ያለ መነጽር ከመንገድ ማዶ ያለ ዘመዱን ላይለይ ይችላል ማለት ነው። የዓይን ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ ሲተክል ቀዶ ሕክምናው ሠምሮ ነበር፤ የሌንሱ ኃይል ግን ከልክ በላይ ስለነበር ታካሚዋ ሩቅ ለማየት ከ10 ዳዮፕተር በላይ የሆነ መነጽር የሚያስፈልጋት ሆነች። የእጅ ጥበብ የልኬትን ጉድለት እንደማይሸፍን ሙያው ገና ከመነሻው አይቷል። ልኬቱ ራሱም ጥበብ ይጠይቃል። የዓይኑን ርዝመት የሚለካው የአልትራሳውንድ ጫፍ ኮርኒያውን ከተጫነው ዓይኑ አጥሮ ይነበባል፤ ያጠረ ንባብ ኃይሉ የበዛ ሌንስ ያስመርጣል፤ ታካሚውም ሩቅ ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ ደጋግሞ መለካት፣ ንባቦቹ ካልተቀራረቡ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። በብርሃን የሚለካው ውድ መሣሪያ ባለመኖሩ የሚቆጩ ባልደረቦች አሉ። ነገር ግን ከገጠር ዘግይቶ የሚመጣው ሞራ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ የበሰለ ነው፤ ብርሃን አያልፈውም። ለእንዲህ ያለው ዓይን የሚያገለግለው ያው አልትራሳውንዱ ነው።

ቁጥሩ ከተሰላ በኋላ ሰውየው በምን ሥራ እንደሚኖር መጠየቅ ይቀራል። በጄልዱ ደጋ የሚያርስ ገበሬ ከብቶቹን ከሩቅ መለየት ይሻል፤ ዕድሜውን ሁሉ ዳዊት ሲደግም የኖረ ቄስ ቅርቡን ላለማጣት ከሩቁ ጥቂት ቢለቅ አይከፋው ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ዳዮፕተር ወደ ቅርብ ማዘንበል በሌንሱ ዋጋ ላይ ሳንቲም አይጨምርም፤ ጥያቄው ግን ታካሚው በሚያስብበት ቋንቋ መቅረብ አለበት፤ በዚህ አካባቢ ይህ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። የቁስሉ ቦታም እንዲሁ ይመረጣል። ያለ ስፌት በሚሠራው ቀዶ ሕክምና የሚከፈተው ቁስል 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በተከፈተበት አቅጣጫ የኮርኒያውን ጉብጠት ይቀንሳል። በአረጋውያን ዘንድ እንደሚበዛው ጉብጠቱ በአግድም ከበረታ፣ ከላይ በኩል መክፈት የጉብጠቱን ልዩነት ያባብሰዋል፤ በጆሮ በኩል መክፈት ግን ያቃልለዋል። ምላጩ ያው ነው፣ ሌንሱም ያው፤ የሚለወጠው ሐኪሙ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

የሚቀርበው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዘመቻ ቀን ብዙ ሰው ተሰልፎ እያለ እያንዳንዱን መለካት ወረፋውን ያስረዝማል፤ መካከለኛ ቁጥር ያለው ሌንስ ለሁሉም ቢገባ አብዛኛው ሰው መንገዱን ያያል፤ ከጨለማ የወጣ ሰውም ስለ ዳዮፕተር አያማርርም ይባላል። መለኪያው በተበላሸበት ቀን እኔም ዓይነ ስውሩን ከመመለስ መካከለኛውን ሌንስ እመርጣለሁ። ይህ ግን የአደጋ ጊዜ መፍትሔ እንጂ የአሠራር ደንብ ሊሆን አይገባም። የሚለካው የሠለጠነ ነርስ ወይም ኦፕቶሜትሪስት እንጂ ቀዶ ሐኪሙ ስላልሆነ፣ ልኬቱ ታካሚዎች በሚመረጡበት ዕለት አስቀድሞ ቢያልቅ የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት አይነካም። እውነተኛው ችግር የሌንስ ክምችቱ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁለት ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ የተለካው ልክ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዘመቻ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከሌንሱ ብዛት በፊት የቁጥሩን ስብጥር ይጠይቅ። ታካሚው አያማርርም የሚለውም አያሳምነኝም። በደንብ ያላየ ሰው ለሐኪሙ አይናገር ይሆናል፤ ለጎረቤቱ ግን ይናገራል፤ ጎረቤቱም ሞራውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል።

የዓይኑ ሽፋሽፍት በትራኮማ ወደ ውስጥ ለተቀለበሰበት ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ለእሱ የሚስማማው ሕክምና ነው። የዓይኑ ቆብ ሳይስተካከል ሞራውን ማውጣት አዲሱን ቁስል ለሚፋትግ ፀጉርና ለኢንፌክሽን ማጋለጥ ስለሆነ ቆቡ ይቀድማል፤ ሌንሱ ይጠብቃል። መነጽር የሰለቻቸው ወጣቶች ስለ ሌዘር ሲጠይቁም መልሱ ከዚሁ ሐሳብ ይነሣል። ዕድሜው 18 ያልሞላ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያልረጋ፣ ኮርኒያው የሳሳ ሰው መጠበቅ ወይም መተው አለበት። በተለይ ከልጅነቱ ጀምሮ በአለርጂ ዓይኑን እያሸ ያደገ ሰው ኮርኒያው ወደ ሾጣጣነት እያዘነበለ ሊሆን ስለሚችል የኮርኒያው ቅርጽ በመሣሪያ ሳይነሣ ማንም ሊነካው አይገባም። በትራኮማ ጠባሳ ዓይኑ የደረቀም ሌዘር ድርቀቱን ይጨምርበታል።

አንድ ዓይኑ የተሠራለት ታካሚ ከአራት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የቀረው ቁጥር ይለካ፣ ከገባው ሌንስ ቁጥር ጋር በካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ካርዱም በእጁ ይሰጠው። ወደ አምቦ ይመለስ ወይም አዲስ አበባ ይሂድ፣ ሁለተኛውን ዓይን የሚሠራው ሐኪም በመጀመሪያው ዓይን ከታየው ልዩነት ተነሥቶ የሚያስገባውን ሌንስ ማስተካከል ይችላል።