በዕጢ ላይ ዕጢ፦ ስለ ምራቅ ዕጢ ሕመሞች ስያሜ የቀረበ ሒስ

«የምራቅ ዕጢ ዕጢ» የሚለው ሐረግ በሕክምና ትርጉም ውስጥ ሲያጋጥም አንባቢ የማተሚያ ስሕተት ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን የአታሚው አይደለም። የመጀመሪያው «ዕጢ» ምራቅ የሚያመነጨውን ጤናማ የአካል ክፍል ያመለክታል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው አካል ውስጥ የሚበቅለውን ደዌ። አንድ ቃል የአካሉንም የደዌውንም ስም ደርቦ ሲይዝ ተርጓሚው ወይ ቃሉን ሳይወድ ይደግመዋል፤ ወይ አንዱን ትቶ ፍቹን ያጐድላል። ይህ ጽሑፍ በዚሁ የሙያ መስክ የሚዘወተሩትን «ዕጢ»፥ «ምልክት»፥ «ፖዘቲቭ» እና «አደገኛ ያልሆነ» የተባሉትን አራት አገላለጾች ይመረምራል።

ነገሩ ከመዝገበ ቃላት ገጽ የማያልፍ ክርክር አይደለም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፥ በቀዶ ሕክምናው ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ግቢ፥ ተማሪው ሙያውን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከአንኮበር፥ ከመንዝ ወይም ከተጉለት ለሚመጣው ሕመምተኛ ውጤቱን የሚያስረዳው ግን በአማርኛ ነው። በዚያች ቅጽበት ስያሜው ካልጠራ ሕመምተኛው የሚፈቅደው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይፈቅዳል፤ የሚፈራውም ሊፈራ የማይገባውን ይሆናል።

የሕዝቡ አነጋገር በዚህ ረገድ ከተማረው ሰው ትርጉም ይልቅ የጠራ ነው። በማንቁርት አካባቢ ያበጠውን «እንቅርት»፥ ከጆሮ ሥር ያበጠውን «ጆሮ ደግፍ»፥ በብብትና በጉያ ያበጠውን «ንፍፊት» ብሎ በየቦታው ለይቷል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውም ምሳሌያዊ አነጋገር ኀይል የሚያገኘው ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸው ስለሚታወቅ ነው። «በዕጢ ላይ ዕጢ» ቢባል ኖሮ ምሳሌው ባልተወለደ ነበር። ትልቁ የምራቅ ዕጢ በሳይንስ «ፓሮቲድ» መባሉም ከግሪክኛ «ከጆሮ አጠገብ» ከሚለው ፍች የመጣ ነው፤ ስለዚህ የግሪኩና የአማርኛው ስያሜ ሁለቱም መነሻቸው ጆሮ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከአሠራር ይመስላል። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1839 ከክራፕፍ ጋር ወደ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ዘልቆ፥ በ1841 ለንደን ላይ መዝገበ ቃላቱን ካሳተመ ወዲህ፥ የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሥራ በአብዛኛው ለአንድ የባዕድ ቃል አንድ አቻ መፈለግ ሆኖ ቆይቷል። ለተራ ቃል ይህ ይበጃል። ለሙያ ቃል ግን መነሻው ቃሉ ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡ መሆን አለበት። በ1989 ዓ.ም. የታተመው «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም በምራቅ ዕጢ ምርመራ ላይ ዛሬ የሚሠራባቸው ብዙ የፕሮቲን ጠቋሚዎች የታወቁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሥራው ለእኛ የተረፈ ነው።

ወደ «ምልክት» እንለፍ። ባለሙያው ከዕባጩ የተወሰደውን ስስ ቁራጭ በአንቲቦዲና በቀለም አማካይነት ይመረምራል፤ የተፈለገው ፕሮቲን ካለ ቀለሙ ይታያል። ይህንን ፕሮቲን «ምልክት» ማለት ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በሕክምና አማርኛ «የበሽታ ምልክት» ማለት ሕመምተኛው የሚሰማው ወይም የሚታይበት ነገር ነው። ማንም ሰው በአካሉ ፕሮቲን አይሰማውም። «አመልካች» እንዳይባልም ቃሉን ፍርድ ቤት ቀድሞ ወስዶታል። «ጠቋሚ» የተሻለ ነው፤ ጠቋሚ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድምና። ለምሳሌ ሲዲ117 የተባለው ፕሮቲን አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ በተባለው ካንሰር ውስጥ ይገኛል፤ በሌሎችም ዕባጮች ስለሚገኝ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዚህም በላይ ጠቋሚዎቹ ሁሉ አንድ ሥራ አይሠሩም። ኤንአር4ኤ3 የአሲኒክ ሴል ካርሲኖማን ማንነት ለመለየት ይረዳል፤ ኪ-67 ሕዋሳቱ የሚባዙበትን መጠን ያሳያል፤ ኸር2 እና የአንድሮጅን ተቀባይ በምራቅ ቱቦ ካርሲኖማ ላይ ሲገኙ ለመድኀኒት ምርጫ መንገድ ይከፍታሉ። ስለዚህ በ«ጠቋሚ» ሥር «መለያ»፥ «የመባዛት ጠቋሚ» እና «የሕክምና ዒላማ» የሚሉ ንዑሳን ስያሜዎች ያስፈልጋሉ።

የፕሮቲኖቹ መጠሪያ ግን እንዳለ በውሰት ይግባ። ኪ-67 ስሙን ያገኘው ከጀርመን ከተማ ከኪል ነው፤ የኤስ 100 «መቶ»ም ፕሮቲኑ መቶ በመቶ በጠገበ የአሞንየም ሰልፌት ሙሙት ውስጥ መሟሟቱን እንጂ ብዛቱን አይነግርም። እንዲህ ያለውን ስም መተርጐም ታሪኩን ማጥፋት ነው። ውሰት ነውር አለመሆኑን «ካንሰር» አስተምሮናል፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ቢቀር «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው በተሕዋስ የሚመጣውን ቲቢ ይሁን የሳንባ ካንሰርን መለየት ባልተቻለ ነበር።

«ፖዘቲቭ» የሚለው ውሰት ግን በተቃራኒው ጐጂ ነው። በአገራችን ሰው «ፖዘቲቭ ነህ» ሲባል የሚሰማው ኤችአይቪን ነው። «ኸር2 ፖዘቲቭ» የተባለ ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በሱፍና በብርድ ልብስ ሥራ በታወቀችው ደብረ ብርሃን ክሩ ቀለም ያዘ ወይም አልያዘም ይባላል። በምርመራው የሚሆነውም ይኸው ስለሆነ «ለኸር2 ቀለም ይዟል» ማለት ትክክልም ቀላልም ነው።

በመጨረሻ «አደገኛ ያልሆነ» የሚለውን እንመልከት። ከምራቅ ዕጢ ዕባጮች የሚበዛው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ በዚህ ስም ይጠራል። ነገር ግን ዕባጩ በሙሉ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል፤ ዓመታት ሲቈጠሩም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። የፊት ነርቭ በፓሮቲድ ውስጥ ስለሚያልፍም ቀዶ ሕክምናው ጥንቃቄ ይሻል። «አደገኛ አይደለም» የተባለ ገበሬ እርሻውን ትቶ ለክትትል ለምን ይመለሳል? «የማይዛመት» ቢባል ግን ቃሉ የዕባጩን ጠባይ ይገልጻል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ስለ «ዕጢ» የምናቀርበው ሐሳብ ቃሉ ለአካሉ ብቻ እንዲወሰን፥ ለደዌው ደግሞ «ዕባጭ» እንዲባል ነው። በተለምዶ ዕባጭ መግል የሚቋጥረውን እብጠት ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ለመግል ቋጣሪው «ብጉንጅ» አለ፤ ለዕጢ ግን ሌላ ስም የለም። ሁለት ፍች ከተሸከመው ቃል ላይ አንዱን ማውረድ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይቀልላል።

እንግዲህ «የምራቅ ዕጢ ዕጢ የፕሮቲን ምልክት ፖዘቲቭ ነው» ከማለት ይልቅ «የምራቅ ዕጢው ዕባጭ ለፕሮቲን ጠቋሚው ቀለም ይዟል» ማለት ይቻላል። የቋንቋ ባለሙያዎች ይህንን ሐረግ ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው ቢመረምሩት፥ ከማጽደቃቸውም በፊት ሕመምተኞች ሰምተው ምን እንደተረዱ ቢጠይቁ፥ ሥራው በትክክለኛው መንገድ ተጀመረ ማለት ነው።