ከማዕዱ እስከ ማኅደሩ

እ.ኤ.አ. ከ1979 ዓ.ም. አንሥቶ በካናዳ አምስት ሰዎች ተባብረው፣ ወይም አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ኀላፊነት ወስዶ፣ በባዕድ አገር የሚንከራተት ስደተኛ ቤተሰብ እንዲያስመጡና ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል በቤት ኪራዩ፣ በቀለቡና በልብሱ እንዲደግፉት ሕግ ስለ ፈቀደላቸው፣ በዚህ በር የገባው ነፍስ ከ300,000 አልፎአል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከኢንዶቻይና ከገቡት 60,000 ያህል ስደተኞች ከግማሽ የሚበልጡት የመጡት በሕዝቡ ዋስትና ነበርና፣ ስደተኞችን ለሚረዱ የሚሰጠው የናንሰን ሜዳልያ በ1986 ለካናዳ ሕዝብ ተሰጠ። ምግባረ ሠናዩ በርኅራኄ ቢጀመርም የሚፈጸመው በቅጽ፣ በፊርማና በማስረጃ ስለ ሆነ፣ በ2015 የሶርያ ስደት ባየለ ጊዜ በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ አነሣሽነት ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች ስፖንሰር የሚሆኑትን ቡድኖች ያለ ክፍያ ለመርዳት ተሰለፉ፤ እኔም በቶሮንቶ በእኛው ማኅበረሰብ መካከል የምሰጠው ረድኤት ከዚሁ ወገን ነው።

ወደ እኔ የሚመጡት የሰበካ ጉባኤ አባላት ከጠበቃ የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ አንጀት የሚበላ ደብዳቤ ነው። እኔ ግን የስደቱን ታሪክ ባለቤቱ በገዛ አንደበቱ እንዲናገር ትቼ፣ ብዙዎች ፈጥነው ሞልተው በሚያልፉት በቤተሰብ ዝርዝር ላይ እቆያለሁ። በኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 117 መሠረት፣ ወላጁ ካናዳ ሲገባ ስሙ ያልተገለጸና ያልተመረመረ ልጅ ኋላ በቤተሰብነት ሊጠራ አይችልምና፤ በ2019 የወጣው ጊዜያዊ መመሪያ ለአንዳንዶች ቢያቃልለውም፣ ባዶ በቀረች አንዲት መስመር ምክንያት እናትና ልጅ በውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሊቀሩ ይችላሉ። ስሙ የሰፈረ ልጅ ግን፣ ዛሬ አብሮ ባይጓዝ እንኳ፣ ወላጆቹ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያመለክቱለት ይቻላል።

ልጁን ከዝርዝሩ የሚያስቀር ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። ከጋብቻ በፊት በመወለዱ የሚያፍርበት አለ፤ ቤተሰቡ በበዛ ቁጥር ስፖንሰሮቹ ማሳየት ያለባቸው ገንዘብ እንደሚጨምር ሰምቶ፣ እንዳልከብዳቸው ብሎ የሚቀንስ አለ፤ ልጁ ከአያቱ ዘንድ አገር ቤት ስለ ቀረ ቅጹ የሚመለከተው የማይመስለውም አለ። ስለዚህ «ስንት ልጆች አሉዎት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃኝም፤ ከማዕድዎ ማን ይቆርሳል፣ ገንዘብ ሲያገኙ ለማን ይልካሉ፣ አገር ቤት ሲደውሉ ስልኩን ማን ያነሣል እያልኩ በየአቅጣጫው እመላለሳለሁ። ይህን የመሰለው ጥየቃ ጊዜ ይፈጃል፤ ከሥራችን ሁሉ ግን ይህን የሚበልጥ የለም ብዬ አምናለሁ።

ናይሮቢ በስደት ያለች አንዲት እናት አራት ልጆች አስመዘገበች። የእያንዳንዱን ልደት ስጠይቃት፣ ሦስተኛይቱ ላይ ስንደርስ ድምፅዋ ቀዘቀዘ፤ ልጅቱ የሟች እኅቷ ልጅ ናት።

«ጡቴን ባትጠባም ልጄ ናት። አይደለችም ብለሽ ፈርሚ ልትለኝ ነው፣ ልጄ?»

«የለም፣ እትዬ። ማሳደግዎንም እንጽፋለን፣ አለመውለድዎንም እንጽፋለን። ወለድኳት ብለው ፈርመው ኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ቢታዘዝ፣ ሐሰት ተብሎ ለአምስት ዓመት ካናዳ ከመግባት ሊከለከሉ ይችላሉ።»

በአገራችን የእኅትን ልጅ ከአብራክ ክፋይ ሳይለዩ ማሳደግ የከበረ ልማድ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን በወረቀት ላይ ማስፈር ለዚህች ሴት ፍቅሯን እንደ መካድ ሆኖ ቢታያት አልፈርድባትም። ሆኖም የካናዳው ሥርዓት በአሳዳጊዋ እጅ ለምትተዳደር ልጅ መንገድ አበጅቶአል፤ ለብቻዋ ቅጽ ይሞላላታል፣ የወላጆቿ ሞት ይመሰከራል፣ የአሳዳጊዋ መብት ይጣራል። በአጎቷ ስም ስትጠራ የኖረችው ልጅ በማኅደሩ ውስጥ በአባቷ ስም ተጻፈች።

ቀጥሎ የምመረምረው የልደት ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብን የማያውቅ ተርጓሚ በክርስትና ምስክር ወረቀት ላይ ባለው ዓመት ሁልጊዜ ሰባት ይደምራል። ነገር ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 የተወለደች ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር ልደቷ ዲሴምበር 31 ቀን 2005 ሲሆን፣ በማግሥቱ የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ላይ ትውላለች፤ ሰባት ብቻ የተደመረላት ሁለተኛይቱ በአንድ ዓመት አረጀች ማለት ነው። ጥገኛ ልጅ የሚባለው በመሠረቱ ከ22 ዓመት በታች የሆነው ስለ ሆነ፣ ይህች አንዲት ዓመት ከእናቷ ልትነጥላት ትችላለች።

ምክር የምሰጠው ለስፖንሰሮቹ ሲሆን መከራው የሚወድቀው በስደተኛው ላይ ነው፤ ይህንም ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ስንሰበሰብ አስቀድሜ እናገራለሁ። ስፖንሰር ከስደተኛው ላይ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበልም ሆነ ከገባ በኋላ ወጪዬን መልስ ማለት የተከለከለ ነው። በዚህ ነገር የሚደራደር ቡድን ሲገጥመኝ ማኅደሩን አጥፌ እመልስለታለሁ።

ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ መንግሥት ከአምስት ሰዎች ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን ለጊዜው ስላቆመ፣ ድካማችን ወደ ቀደሙት ማኅደሮች ዞሮአል። ጥበቃው ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያም ዘመን ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ወላጁንም ይቀብራል። ቪዛ ወጥቶለት አውሮፕላን ሊሳፈር የተዘጋጀ ወጣት እንኳ ትናንት ቃል ኪዳን አስሮ እንደ ሆነ ከመሳፈሩ በፊት ማስታወቅ ስላለበት፣ ለየቡድኑ እየደወልኩ አዲስ ሙሽራ ወይም አዲስ አራስ እንዳለ እጠይቃለሁ፤ አለ ያሉኝ እንደ ሆነ፣ ጉዞው ቢዘገይም እንኳ የጋብቻውን ወይም የልደቱን ወረቀት በዚያው ቀን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ እነግራቸዋለሁ።