ብርሃንና መዳብ በአንድ ገመድ፤ ስለ ባሕር ውስጥ መገናኛ የሚነገረውን ለመመርመር

ስለ ዘመናችን የመገናኛ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «የመዳብ ዘመን አልፎ በብርሃን ዘመን ተተካ» የሚል ነው። ይህ አባባል በከተማ መንገድ ሥር ስለ ተቀበረው ገመድ ሲነገር ብዙ እውነት አለበት። በውቅያኖስ ወለል ላይ ስለ ተዘረጋው ገመድ ሲነገር ግን እኩሌታውን ብቻ የያዘ ስለ ሆነ፥ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። ለጥልቅ ባሕር የሚሠራው ገመድ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ኦፕቲካል ፋይበር የሚባሉት የመስተዋት ክሮች ይገኛሉ፤ የአንዱ ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። በዙሪያቸው ጉተታን የሚችሉ የብረት ሽቦዎች፥ በነዚህ ላይ የመዳብ ቱቦ፥ ከሁሉም በላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ልባስ አለ። መዳቡ ውሃና ሃይድሮጂን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከላከላል፤ ሃይድሮጂን ወደ መስተዋቱ ከገባ ብርሃኑን ያደክመዋልና። ዋናው ተግባሩ ግን ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነው።

ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲጓዝ እየደከመ ስለሚሄድ፥ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚያበረታው ማጉያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ገመዱ በየብስ ላይ ቢሆን ማጉያው በአቅራቢያው ካለ ጣቢያ ኃይል ያገኛል። በባሕር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ የለም። ስለዚህ ኃይሉ ከባሕሩ ዳርቻ በዚያው ገመድ መዳብ ይላካል፤ መመለሻውም ሁለተኛ ሽቦ ሳይሆን ባሕሩና ምድሩ ራሱ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 አትላንቲክን አቋርጦ ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የቴሌፎን ገመድ 36 ንግግሮችን በአንድ ጊዜ ያስተላልፍ ነበር። በዚያ ገመድ መዳቡ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ድምፁንም ተሸክሟል፥ ለማጉያዎቹም ኃይል አድርሷል። በ1988 የመጀመሪያው የአትላንቲክ ኦፕቲካል ገመድ ሲዘረጋ የንግግሩ ቁጥር 40,000 ያህል ደረሰ። ይሁን እንጂ ብርሃን የወሰደው ከመዳቡ ሁለት ሥራ አንዱን ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ውስጥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ የሚያጎላው የኤርቢየም ማጉያ በገባ ጊዜም ነገሩ አልተለወጠም፤ ማጉያውን የሚያነቃቃው ሌዘር ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና። እንግዲህ መዳብ ሥራው ተቀነሰለት እንጂ አልተሻረም።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በረዥም የባሕር ገመድ የመልእክቱን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው ይህ ኤሌክትሪክ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኪሎ ሜትር መዳብ ተቃውሞ 1 ኦም፥ የሚያልፍበትም ኮረንቲ 1 አምፔር ነው ብንል፥ በ6,000 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድም ማጉያ ድርሻውን ሳይቀበል 6,000 ቮልት በመንገድ ይባክናል። ከዳርቻ የሚሰጠው ቮልት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 15,000 የሚደርስ ነው። ከዚህ በላይ ቢጨምሩት ልባሱ ይጨነቃል፤ መዳቡን ቢያወፍሩት ገመዱ ይከብዳል፥ ዋጋውም ይወደዳል። ስለዚህ መቶ ክር በገመዱ ውስጥ ማስገባት ቢቻልም፥ የሁሉንም ማጉያ የሚመግብ ኃይል ከሌለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

መሐንዲሶቹ ይህን ተረድተዋል። ክላውድ ሻነን በ1948 ካሳተመው የመልእክት ቀመር እንደምንማረው፥ በአንድ መስመር ላይ ኃይልን እጥፍ ማድረግ የመልእክቱን መጠን እጥፍ አያደርገውም። ያንኑ ኃይል ለብዙ ክሮች ማካፈል ግን ይበልጥ ያተርፋል። በ2021 ሥራ የጀመረው፥ አሜሪካንና ፈረንሣይን የሚያገናኘው ዱናንት የተባለው ገመድ በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ 12 ጥንድ ክሮች ሲኖሩት፥ የማጉያዎቹን ሌዘሮች ክሮቹ በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። የታቀደለትም መጠን በሰኮንድ 250 ቴራቢት ነው። ይህ የብርሃን ድል ተብሎ ሲነገር ሰምተናል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ በፊት የቁጠባ ድል ነው።

ሁለቱን በአንድ ልባስ ማሰርስ ነቀፋ የለበትምን? አለበት። የመርከብ መልሕቅ ገመዱን ሲቆርጥ ብርሃኑም ኃይሉም ባንድነት ይቋረጣሉ። በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር በርካታ ገመዶች በተጎዱ ጊዜ የብዙ አገሮች ግንኙነት ታውኳል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም በጎረቤቶቿ በኩል፥ በተለይም በጂቡቲ፥ ከባሕር ገመዶች ጋር ስለምትገናኝ ጉዳዩ ይመለከታታል። ነገር ግን መዳቡን ለይቶ በሌላ ገመድ መዘርጋት የጉዳቱን በር ሁለት ከማድረግ በቀር ጥቅሙ አይታይም። ደግሞም ኃይሉ ከሁለቱም ዳርቻ ስለሚሰጥ፥ ልባሱ ባንድ ቦታ ተልጦ መዳቡ ውሃ ቢነካ እንኳ ክሮቹ እስካልተበጠሱ ድረስ ጣቢያዎቹ ቮልታቸውን አስተካክለው ሥራውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ አንድነቱ በግድ የመጣ ቢሆንም መልካም አንድነት ነው።

የሚነቀፈው ገመዱ ሳይሆን አነጋገራችን ነው። ስለ ዘይቱ ሳያነሡ መብራቱን ማመስገን ዕውቀትን ያጎድላል። ጉዳቱም በትምህርት ላይ ይታያል፤ የመገናኛ ተማሪ ስለ ኃይል፥ የኃይል ተማሪም ስለ መገናኛ ሳያውቅ ቢወጣ፥ አገራችን ነገ የገመድ ውል ስትዋዋል የትኛውን ጥያቄ ማስቀደም እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አታገኝም። ስለዚህ አንድ የባሕር ገመድ በተወደሰ ቁጥር፥ በሰኮንድ ስንት ቢት ያስተላልፋል ብለን ስንጠይቅ፥ ስንት ዋት ይበቃዋል የሚለውንም አብረን እንጠይቅ።