ሰልፉን ያጠኑት ሰው

እናቴ በደርግ ዘመን ስኳር ለማግኘት ሌሊት ተነሥታ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ እያስቀመጠች ወረፋ ትይዝ እንደነበር ስትነግረን እንስቅ ነበር። ኋላ እኔም ከሸማቾች ማኅበር በር ላይ ጀሪካን ይዤ ለዘይት ስሰለፍ ሳቁ ቆመ። ለመሆኑ ዕቃው የት ይሄዳል?

ሐንጋሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ያኖሽ ኮርናይ (1928-2021 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ እጥረት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰልፍ የአንድ ሰነፍ ሹም ጥፋት ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ የሚወልደው ነገር ነው አሉ። የመንግሥት ፋብሪካ ቢከስርም አይዘጋም። አባቱ ዕዳውን እንደሚከፍልለት ልጅ፣ ዋጋ ሳይፈራ ያገኘውን ጥሬ ዕቃ ሁሉ ያግበሰብሳል፤ ገበያው ይራቆታል። «የላላ የበጀት ገደብ» የሚባለው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት የሕይወት ታሪካቸው ግን ከዚህ ይልቅ ያስጨንቃል። አባታቸውን በአውሽዊትዝ ያጡት ወጣት ኮርናይ፣ የሐንጋሪ ኮሙኒስት ፓርቲ ልሳን የነበረው «ሳባድ ኔፕ» ጋዜጠኛ ሆነው የሚጽፉትን ከልብ ያምኑ ነበር። ከእስር የተፈታ ባልደረባ የደረሰበትን ድብደባ ሲነግራቸው እምነቱ ፈረሰ። ይህን ሳያሽሞነሙኑ ነው የሚናዘዙት።

እኔ የምጣላቸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በ1980ው መጽሐፍ ስለ ፓርቲው ሥልጣን አንድም ምዕራፍ የለም። አውቀው ነው የተዉት፤ በድብቅ ከማሳተም በሕጋዊ መንገድ ብዙ አንባቢ መድረስን መረጡ። ሐሳቡ አይከፋም። ውድ አንባቢ፣ እኔም አንድ ጊዜ ጽሑፌ እንዲወጣልኝ ብዬ አንዲት አንቀጽ በገዛ እጄ ቆርጬ አውጥቻለሁና ለመፍረድ አልቸኩልም። ሆኖም ኮርናይ የዝምታቸውን ትርፍ ሲያሰሉ ኪሣራውን በቅጡ አልቆጠሩትም።

ቻይናን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1985 በያንግትዜ ወንዝ ላይ በምትጓዝ መርከብ ውስጥ ለቻይና ባለሙያዎች ትምህርታቸውን አብራሩ፤ መጽሐፉም ተተርጉሞ ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ ይባላል። አንባቢው የፋብሪካውን በሽታ ተረዳ፤ ስለ ፓርቲው የሚናገረው ክፍል ግን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ቻይና ትለወጥ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ማን ያሳትመዋል? እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ91 ዓመታቸው፣ «ፋይናንሺያል ታይምስ» ላይ የፍራንከንስታይንን ታሪክ አንሥተው፣ አውሬውን ነፍስ ከዘሩበት ምሁራን አንዱ እኔ ነኝ ሲሉ ጻፉ። ከሕይወት ታሪካቸው የጎደለው ምዕራፍ ይህ ነበር።

ከ1980ው መጽሐፍ የጎደለውን ግን ጽፈውታል። በ12 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ስለ ሶሻሊስት ሥርዓት ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ የፓርቲውን ሥልጣን ከሁሉም አስቀድመው የነገሩ ሁሉ ሥር አደረጉት። የእኔዋ አንቀጽ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ናት።