የፊዚዮሎጂ ስያሜዎቻችን በድኅረ ምረቃ ትምህርት ሚዛን

ለአንድ ሙያዊ ጽንሰ ሐሳብ የአማርኛ ስያሜ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ቃሉ ከግዕዝ ወይም ከሕዝቡ አነጋገር የመነጨ ነው ወይ? ለጆሮስ ይስማማል ወይ? የሚሉት። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን በቂ አይደሉም። ለብቻው ሲታይ ያማረ ስያሜ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሰለፍ ትምህርቱን የሚያሰናክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ጉድለት በዝቅተኛ ክፍሎች ትምህርት ላይ አይታወቅም፤ የሚጋለጠው ጥናቱ ሲጠልቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰውን አካል አሠራር የሚመረምረው ሳይንስ፣ ማለትም ፊዚዮሎጂ፣ በአማርኛ የሚነገርባቸውን ጥቂት ዋና ዋና ቃላት በድኅረ ምረቃ ትምህርት ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንመረምራለን።

የዚህ ደረጃ ተማሪ ከጀማሪው የሚለይበት ነገር የሚያውቃቸው የአካል ክፍሎች ብዛት አይደለም። ጀማሪው ልብ ደምን እንደሚረጭ፣ ኩላሊት ደምን እንደሚያጣራ ይማራል። የድኅረ ምረቃው ተማሪ ግን ምን ያህል? በምን ኃይል? አንዱ ሲለወጥ ሌላው በምን መጠን ይከተላል? ብሎ ይጠይቃል። ቋንቋችን በመጀመሪያው በኩል ባለጸጋ ነው። ከብት አርዶ ሥጋውን በብልት በብልቱ የሚለይ ኅብረተሰብ ሳንባን ከጉበት፣ ጣፊያን ከኩላሊት፣ ጨጓራን ከአንጀት ለይቶ ለመጥራት መምህር አላስፈለገውም። ችግሩ ያለው በሁለተኛው በኩል፣ በሂደቱና በመጠኑ ስያሜ ላይ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። «ሕዋስ» በግዕዝ የስሜት መቀበያ ማለት ነው፤ ኀምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ይታሰባሉ። ዘመናዊው የሥነ ሕይወት ትምህርት ይህንኑ ቃል ወስዶ የሕያው አካል ሁሉ መሠረታዊ ክፍል ለሆነው ነገር መጠሪያ አደረገው። አዲሱ ፍች ሥር ሰድዷል፤ አሮጌውም አልሞተም። በዚህም ምክንያት «የስሜት ሕዋስ» የሚለው ሐረግ ለአንዱ አንባቢ ዐይንን፣ ለሌላው ደግሞ በዐይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ጥቃቅን ክፍል ያመለክታል። የስሜትን ፊዚዮሎጂ የሚያጠና ሰው ከዚህ በላይ መለየት አለበት። በዐይን ብርሃን ተቀባዮቹ ራሳቸውን የቻሉ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በቆዳ ላይ ሕመምን የሚቀበለው ግን የነርቭ ሕዋስ ጫፍ እንጂ ለብቻው የቆመ ሕዋስ አይደለም። እንግዲህ ሕዋስ ለአዲሱ ፍች ይጽና፤ ዐይንና ጆሮ «የስሜት አካላት» ይባሉ፤ ተግባሩን የሚፈጽመው ክፍል ደግሞ «ስሜት ተቀባይ» ይባል። እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ሥራ ለመሥራትም ዕድል አለን። እንግሊዝኛው ስሜት የሚቀበለውን ክፍልና በሕዋስ ላይ ሆኖ ሆርሞንን የሚቀበለውን ፕሮቲን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። እኛ ሁለተኛውን «መልእክት ተቀባይ» ብንለው ከመነሻው እንለያቸዋለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ከክፍል ወጥቶ እስከ ሐኪም ቤት የሚደርስ ነው። ሕዝቡ «ደም ብዛት» የሚለው የደም ግፊት ከፍታን ነው፤ «ደም ማነስ» የሚለው ደግሞ የቀይ የደም ሕዋሳት ወይም በውስጣቸው ያለው የሄሞግሎቢን ጉድለትን ነው። ሁለቱ ቃላት ሲሰሙ ተቃራኒዎች ይመስላሉ፤ በፊዚዮሎጂ ግን ተቃራኒዎች አይደሉም፤ አንዱ ስለ ግፊት፣ ሌላው ስለ ይዘት ይናገራል። ኩላሊቱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ሁለቱም በአንድነት ሊይዙት ይችላሉ። የተጎዳው ኩላሊት ጨውንና ውኃን በሚገባ ስለማያስወግድ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን በበቂ መጠን ስለማያመነጭም የቀይ ሕዋሳት ምርት ይቀንሳል። ለዚህ ሕመምተኛ «ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብዎት» ሲባል ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣላ ቢመስለው፣ አንዱን መድኃኒት ሲወስድ ሌላውን ሕመም የሚያባብስ ቢመስለው አይፈረድበትም። ያሳሳተው ቃሉ ነው።

«ደም ግፊት» የሚለውም ቢሆን ከሕመም ስምነት አላመለጠም። «ግፊት አለበት»፣ «ስኳር አለበት» እንላለን፤ ግፊትም ስኳርም በደሙ ውስጥ የሌለበት ሕያው ሰው ግን የለም። መለኪያው የበሽታ ስም ሲሆን ተማሪው ጤነኛውን አሠራር የሚጠራበት ቃል ያጣል። ልብ በደቂቃ 72 ጊዜ ቢመታና በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ቢረጭ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይወጣል፤ ይህ ፍሰት ደም ሥሮች ለፍሰቱ ከሚያሳዩት ተቃውሞ ጋር ሲባዛ አማካዩን ግፊት ይሰጣል። በዚህ ቀመር ውስጥ ግፊት መጠን ነው፤ በሽታ አይደለም። ስለሆነም «የደም ግፊት» ለመጠኑ ብቻ ይጠበቅ፤ ሕመሙ «የደም ግፊት ከፍታ»፣ ተቃራኒውም «የደም ግፊት ዝቅታ» ይባል።

በሦስተኛ ደረጃ «ትንፈሳ»ን እንመልከት። በዚህ አንድ ቃል አየር ወደ ሳንባ መግባቱና መውጣቱ፣ ጋዞች በሳንባና በደም መካከል መለዋወጣቸው፣ ሕዋሳትም ኦክስጅንን ተጠቅመው ኃይል ማውጣታቸው ይጠራሉ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር አየር እያስገባ በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ 6 ሊትር ያስገባል። ሌላው 250 ሚሊ ሊትር እያስገባ 24 ጊዜ ቢተነፍስ እርሱም 6 ሊትር ያስገባል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በአየር ቧንቧ ውስጥ ስለሚቀር የጋዝ ልውውጥ ወደሚካሄድበት የሳንባ ክፍል የሚደርሰው ለመጀመሪያው 4.2 ሊትር ሲሆን ለሁለተኛው 2.4 ሊትር ብቻ ነው። «ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል» የምንለው ሰው አየር እያጠረው ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቃል ከዚያው ከ«ነፈሰ» ዘር በእጃችን ነው። ቤትን፣ እህልን «አናፈሰ» እንላለን። አየርን ወደ ሳንባ የማስገባትና የማስወጣት ሥራ «ማናፈስ» ቢባል፣ የመጠኑ መብዛት «ከልክ በላይ ማናፈስ»፣ ማነሱም «ከልክ በታች ማናፈስ» ተብሎ ከትንፋሹ ፍጥነት ተለይቶ ሊነገር ይችላል። «ትንፈሳ» ለጠቅላላው ሥርዓት፣ «ሕዋሳዊ ትንፈሳ» በሕዋስ ውስጥ ለሚካሄደው ይቀራሉ።

«ዕጢ»ም እንዲሁ ሁለት ጌቶች የሚያገለግል ቃል ነው። የምራቅ ዕጢ ስንል ጤነኛ አካል ነው፤ የአንጎል ዕጢ ስንል በሽታ ነው። በአንጎል ሥር የሚገኘውና ሆርሞን የሚያመነጨው ፒቱታሪ ሲጠራ ታዲያ ተማሪው የትኛውን ይረዳ? ከዚህም ሌላ ሆርሞንን «ቱቦ አልባ ዕጢ የሚያመነጨው ቅመም» ብሎ መፍታት ዛሬ አይበቃም። የልብ ኩልኩልታዊ ክፍሎች ጨውን ከሰውነት የሚያስወጣ ቅመም እንደሚያመነጩ እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ፣ የስብ ሕብረ ሕዋስም ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን እንደሚያመነጭ ከ1994 ወዲህ ታውቋል። ልብም ስብም ዕጢ አይባሉም። ስለዚህ ፍቹ ከአመንጪው አካል ተነሥቶ ወደ ሥራው መዛወር አለበት፤ ሆርሞን ማለት ከሕዋሳት ወጥቶ በደም እየተጓዘ መልእክቱን በራቀ ስፍራ ላለ ተቀባይ የሚያደርስ ቅመም ነው ቢባል ልብንም ስብንም ያካትታል። ለበሽታው ደግሞ «ዕባጭ» ወይም ሌላ ቃል ተመርጦ «ዕጢ» ለጤነኛው አካል ቢለቀቅ ይበጃል።

የመጨረሻው ምሳሌ የሳይንሱን እምብርት ይነካል። አሜሪካዊው ፊዚዮሎጂስት ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1926 «ሆሚዮስታሲስ» የሚለውን ቃል ሲያወጣ፣ በ1929ም በሰፊው ሲያብራራው፣ ከግሪክኛው «አንድ ዓይነት» የሚለውን ሳይሆን «ተመሳሳይ» የሚለውን ቅጥያ መምረጡ ሆን ብሎ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ሁኔታ በጠባብ ወሰን መካከል እየዋዠቀ የሚጠበቅ እንጂ ደርቆ የቆመ አለመሆኑን ለማመልከት ነው። በአማርኛ «የማይለወጥ ውስጣዊ ሁኔታ» ብሎ መፍታት እንግዲህ ካነን በጥንቃቄ የሸሸውን ስሕተት መልሶ ማስገባት ነው። «ውስጣዊ ሚዛን ጥበቃ» ቢባል መዋዠቁንም መጠበቁንም ይይዛል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «አሉታዊ ግብረ መልስ» ነው። በተለመደው አነጋገር አሉታዊ ግብረ መልስ ማለት የማያስደስት አስተያየት ነው። በፊዚዮሎጂ ግን ሕይወትን የሚጠብቀው ይኸው ነው። ተኝቶ የነበረ ሰው ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርዳል፤ በአንገት ደም ቅዳ ላይ ያሉት ግፊት ተቀባዮች የግፊቱን መቀነስ ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ግፊቱም ይመለሳል። «አዎንታዊ» የሚባለው ደግሞ ለውጡን እያባዛ የሚገፋ ነው፤ በምጥ ጊዜ የማኅፀን መኮማተር ኦክሲቶሲንን፣ ኦክሲቶሲንም መኮማተሩን እንደሚጨምሩት ያለ ነው። ቃላቱ የበጎና የክፉ ሚዛን ይዘው ስለሚመጡ የመጀመሪያውን «ገቺ ግብረ መልስ»፣ ሁለተኛውን «አጎልባች ግብረ መልስ» ማለት ይሻላል።

እነዚህን ምሳሌዎች የሚያነብ ሰው ለሁሉም ነገር የአማርኛ ቃል ይፈጠር የምንል ሊመስለው ይችላል። እንዲያ አይደለም። ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1897 በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን መጋጠሚያ «ሲናፕስ» ብሎ ሲሰይም ቃሉን ያገኘው አርተር ቬራል ከተባለ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ ነበር። ስታርሊንግም በ1905 «ሆርሞን»ን ያስተዋወቀው «አነቃቃለሁ» ከሚል የግሪክ ግሥ ነው። ቃላቱ ለእንግሊዝኛም እንግዶች ነበሩ። ሆርሞን በአማርኛ «ሆርሞኖች»፣ «ሆርሞኑን» እያለ ያለ ችግር ስለሚረባ ይቆይ። ውሰት የሚጎዳው ቤተሰቡን ጥሎ ብቻውን ሲመጣ፣ ማለትም ስሙ ተወስዶ ግሡና ቅጽሉ ሳይገኙ ሲቀሩ ነው። ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ትምህርት ሌላ ነው፤ ፊዚዮሎጂስቱ ጽንሰ ሐሳቡን፣ የቋንቋው ሊቅ ዘሩን ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአገራችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ አጭር ነው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም ሕመምተኛው በእንግሊዝኛ አይጠየቅም። የዝቅተኛ ክፍሎችን የሳይንስ መጽሐፍ በአማርኛ የሚያዘጋጀውና የሚያርመውም ከዚሁ የድኅረ ምረቃ ክፍል የወጣ ሰው ነው። እርሱ ልዩነቶቹን በአማርኛ ሊናገራቸው ካልቻለ ስሕተቱ ወደ ልጆች መጽሐፍ ወርዶ፣ ከዚያም ከነልጆቹ አድጎ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለወደፊቱ የፊዚዮሎጂ መዝገበ ቃላት ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ብቻ ሳይሆን በቤተሰብ ተሰልፈው ይቅረቡ፤ ግፊት፣ ፍሰትና ተቃውሞ በአንድነት፣ ማናፈስና ትንፈሳ በአንድነት ይፈቱ። ሁለተኛ፣ የሚለካ ነገር ሁሉ ከመለኪያው ጋር ይፈታ። ሦስተኛ፣ አንድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በሙሉ አንቀጽ ውስጥ ይፈተን፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አሕጽሮት በአማርኛም እንዲጽፉ ቢደረግ የትኛው ቃል እንደሚሠራ፣ የትኛውም እንደሚሰናከል በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ምሳሌ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት አማራጮችም በዚሁ መንገድ ተፈትነው የሚጸኑት ይጽኑ፤ የማይሠሩት በተሻለ ይተኩ።