የሥዕል ሣጥኑ ምን ይተውልናል?

በትርፍ ጊዜው ሥዕል የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ መምህር ፊት አይቀመጥም። የሚገዛው ሣጥን ነው፤ ቁጥር የታተመበት ሸራ፣ በትንንሽ ብልቃጥ የተሞላ ቀለም፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ሲያልቅ የሚመስለውን የሚያሳይ ፎቶ። አለዚያም ደረጃ በደረጃ የሚመራ መጽሐፍ ያነሳል። በሙያው የቆዩ ሠዓሊዎች ሁለቱንም ይንቃሉ፤ ጀማሪው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይተማመንባቸዋል። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚካሄደው «ይህ እውነተኛ ሥዕል ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ላይ ነው፤ መማር ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ጥያቄ አይረባውም። ሥዕል የሚሠራው በውሳኔ ነው። ይህ ጥላ ምን ያህል ይጥቆር? ይህ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይውጣ ወይስ ይደብዝዝ? ይህ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያጋድል ወይስ ወደ ሰማያዊ? በአንድ ትንሽ ሸራ ላይ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በመቶ ይቆጠራሉ። እኔ አንድን ሣጥን ወይም አንድን መጽሐፍ የምመዝነው ከእነዚህ የትኛውን ቀድሞ ወስኖ እንደጨረሰ፣ የትኛውን ደግሞ ለተማሪው እንደተወለት በማየት ነው። ተማሪው የሚማረው የተተወለትን ነውና።

ባለቁጥሩ ሸራ የተወለደው አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ነው። የፓልመር ፔይንት ኩባንያ ባለቤት ማክስ ክላይን ብዙ ቀለም መሸጥ ፈለገ፤ ለልጆች የሚቀባ መጽሐፍ ይነድፍ የነበረውን ዳን ሮቢንስን ለአዋቂም የሚሆን ነገር እንዲያስብ ጠየቀው። ሮቢንስ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለረዳቶቹ ቁጥር የተጻፈበት ንድፍ ይሰጥ ነበር የሚል ነገር አንብቦ ስለነበር ሐሳቡን ከዚያ እንዳገኘ ተናግሯል። «ክራፍት ማስተር» የተባለው ምርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ገበያ ላይ ዋለ (ሌሎቹም ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ መፈክሩም ማንም ሰው ሬምብራንት መሆን ይችላል የሚል ነበር። በ1954 የተሸጠው ሣጥን 12 ሚሊዮን ያህል ደርሷል። ለእኔ ክርክር ግን ከሽያጩ ይልቅ የሮቢንስ አሠራር የተሻለ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ራሱ በቀለም ይሠራዋል። ከዚያ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ፕላስቲክ በላዩ ያነጥፍና እያንዳንዱን የቀለም ቦታ ዙሪያውን በመስመር ከብቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ማለቂያ የሌለውን የቀለም ሽግግር ወደ ጥቂት ቀለሞች ማሳጠር፣ አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር መቁረጥ፣ የትኛው ዝርዝር ይቅር፣ የትኛው ይቆይ ማለት፣ ይህ ሁሉ ያለቀው በዚያች ፕላስቲክ ላይ ነው። ሥዕል መማር ከሚባለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ሮቢንስ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ ገዢው እጅ የሚገባው ውጤቱ ነው።

ይህን ስል ባለቁጥሩ ሸራ ምንም አያስተምርም ማለቴ አይደለም። እጅን ያስተምራል። ብሩሹ ምን ያህል ቀለም ሲይዝ ሳይቆራረጥ እንደሚሄድ፣ ምን ያህል ሲይዝ ጠርዙን ጥሶ እንደሚያልፍ፣ ፈዛዛ ቀለም ከሥሩ ያለውን ቁጥር ለመሸፈን ሁለተኛ ዙር እንደሚፈልግ፣ ወዲያው ያልታጠበ ብሩሽ ፀጉሩ ደርቆ እንደሚበላሽ ያሳውቃል። ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገርም አለው፤ የሚንቁት ሰዎች ግን አያነሱትም። ጀማሪ ሰው ፊት ሣል ቢባል የሰው ቀለም ብሎ ያሰበውን አንድ ቡናማ ያነሳና ፊቱን በሙሉ በእሱ ይቀባዋል፤ አፍንጫውን በጥቁር መስመር ያወጣዋል። ባለቁጥሩ ሸራ ላይ ግን አፍንጫ የሚባል ነገር የለም። 9 ቁጥር ከ14 ቁጥር አጠገብ አለ፤ አንዱ ሸክላ የመሰለ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ። በቅርብ ሲታዩ ትርጉም የላቸውም። ሠሪው ተነስቶ ጥቂት እርምጃ ሲርቅ ሁለቱ ቁራጮች ይገጥሙና አፍንጫና የአፍንጫ ጥላ ይሆናሉ። ፊት ከመስመር ሳይሆን ጎን ለጎን ከተቀመጡ የብርሃንና የጥላ ቁራጮች እንደሚሠራ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ብዙ አይገኝም። ጉድለቱ ያለው ቁራጮቹን የለየው ሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው። ያው ሠሪ በመስኮት የገባ ብርሃን ያረፈበትን የእውነት ፊት ሲያይ፣ 14 ቁጥር የት ላይ እንዳለ ለይቶ ማውጣት አይችልም፤ ዓይኑ ያንን እንዲያደርግ አንድም ጊዜ አልተጠየቀምና።

«እንግዲያው መገልበጥ ይቅር፤ ሰው ከመጀመሪያው የራሱን ይሣል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ለጆሮ ደስ ቢልም የሥዕል ታሪክ አይደግፈውም። በ1400 አካባቢ ስለ ሙያው የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ ጀማሪው አንድ ጥሩ ሠዓሊ መርጦ የእሱን ሥራ ሳያሰልስ እንዲገለብጥ ይመክራል። ቪንሰንት ቫን ጎህ በ1880፣ በ27 ዓመቱ ሠዓሊ ለመሆን ሲቆርጥ፣ ቤልጂየም በሚገኘው የቦሪናዥ የከሰል ማዕድን ሠፈር ሆኖ የተማረው ሻርል ባርግ ከዣን ሌዮን ዤሮም ጋር ካሳተመው የንድፍ ማስተማሪያ ላይ ሉሆቹን ደጋግሞ በመገልበጥ ነው፤ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት በ1890 እንኳ ተመልሶ ገልብጧቸዋል። የባርግ ሉህ ግን እንደ ባለቁጥሩ ሸራ አይደለም። አጠገቡ የሚቀመጠው ወረቀት ባዶ ነው። ገልባጩ የአገጩን ርቀት ከግንባሩ ጋር ማስተያየት፣ የትከሻውን ዘንበል ማለት በዓይኑ መለካት፣ ሲሳሳት መፋቅና እንደገና መለካት አለበት። ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መንገዱን የሚያገኘው ግን ራሱ ነው።

ከራሳችን ታሪክም የሚጠቀስ አለ። በ1590 እና 91 ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው ባለሥዕል የዓረብኛ ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ፣ በውስጡ ያሉት የአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ህትመቶች በጎንደር ዘመን ለተሣሉ የብራና ወንጌሎች ምሳሌ ሆነዋል። የሰዎቹ አቋቋም፣ የእጃቸው አዘረጋግ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚቆም ከህትመቱ ተወስዷል። ህትመቱ ግን ጥቁር መስመር ብቻ ነበር፤ ቀለም አልነገራቸውም። የልብሱን ቀይና ቢጫ፣ የፊቱን አወጣጥ፣ የዓይኑን ትልቅነት የወሰነው ብራናው ላይ ያጎነበሰው ሠዓሊ ነው። ስለዚህም ውጤቱን ያየ ሰው የጎንደር ሥዕል ይለዋል እንጂ የሮም ቅጂ አይለውም። መገልበጥ በራሱ እጅ አይገድልም፤ ለገልባጩ ምንም ሳይተው የተዘጋጀ ምሳሌ ግን እጁን ብቻ ያሠራዋል።

መጻሕፍቱም በዚሁ ሚዛን ይመዘኑ። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን ለንደን በሚገኘው የሠራተኞች ኮሌጅ ከ1854 ጀምሮ ንድፍ ያስተምር ነበር፤ በ1857 ደግሞ ያለ መምህር ለሚማሩ ጀማሪዎች በሦስት ደብዳቤዎች መልክ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጀመሪያው ልምምድ አሰልቺ ይመስላል፤ አንዲት አራት ማዕዘን ሠርቶ ውስጧን በብዕር መስመሮች፣ አንዱን በሌላው ላይ እያቋረጡ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል እስክትጠቁር መሙላት ነው። ቀጥሎ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ በቀስ የሚሄድ ሽግግር አለ። ከዚያ ከመንገድ የተነሳ ድቡልቡል ድንጋይ ከፊት አስቀምጦ መሣል ይመጣል። የዚያ ድንጋይ ፎቶ ክዳን ላይ የለም፤ ተማሪው ያነሳው ድንጋይ ከሌላው ተማሪ ድንጋይ ይለያል። የጥላው ጥቁረት ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ድንጋዩን አይቶ ነው። ቤቲ ኤድዋርድስ በ1979 ያወጣችው ዝነኛ የሥዕል መማሪያ መጽሐፍም ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንጎል ቀኝና ግራ ክፍል የምትለው ከሳይንሱ አንጻር ከልክ በላይ የቀለለ ነው፤ ልምምዷ ግን ይሠራል። ሥዕልን ዘቅዝቆ አስቀምጦ መገልበጥ ሰው «ይህ እጅ ነው» ማለቱን ትቶ የመስመሩን ጠመዝማዛ እንዲከተል ያስገድደዋል።

አራት ሥዕል ደርድረው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» የሚሉት መጻሕፍት ግን ብዙ ይደብቃሉ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሥዕል ሲታለፍ ባዶ የነበረው የዛፉ ግማሽ በድንገት ጥላ ለብሶ ይገኛል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣና ጥላው ለምን እዚያ እንደወደቀ የተጻፈ ነገር የለም። ከ1983 እስከ 1994 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከ400 በላይ ክፍል ያቀረበው ቦብ ሮስም፣ በእርጥብ ቀለም ላይ እርጥብ ቀለም የመቀባትን ስልት ከፍርሃት ነፃ አድርጎ ማስተማሩ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዛፉ ግን የእሱ ዛፍ ነው። ተመልካቹ የደጁን ግራር ለመሣል ሲነሳ የሮስ ጥድ ብዙ አይረዳውም።

ቀለም ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። 24 ቱቦ የያዘ ሣጥን ለጀማሪ ትልቅ ስጦታ ይመስላል፤ ማደባለቅን ግን ያስቀርበታል። የተዘጋጀ አረንጓዴ ካለ ቅጠሉ ሁሉ በእሱ ይቀባል። ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ሎሚ ቢጫ፣ አንድ ቀይና በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ብቻ ያለው ሰው ግን እያንዳንዱን አረንጓዴ መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ ሲሠራም ያያል። አልትራማሪን ትንሽ ወደ ቀይ ስለሚያደላ ከቢጫ ጋር የሚሰጠው አረንጓዴ ረጋ ያለ፣ ለራቀ ኮረብታ የሚስማማ ነው። በአልትራማሪን ፈንታ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ፍታሎ ሰማያዊ ቢገባ ያው ሎሚ ቢጫ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ ይሆናል። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲዋሃዱ ከጥቁር ቱቦ የማይተናነስ ጥቁር ያወጣሉ፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ሲየናው ሲበዛ ይሞቃል፤ ነጭ ሲጨመርበት ለደመና፣ ለግድግዳ፣ ለነጭ ነጠላ ጥላ የሚሆን ግራጫ በየዓይነቱ ይገኛል። ገዢው ቱቦው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የቀለም መለያም ማንበብ ይልመድ። ፒቢ 29 አልትራማሪን ነው፤ ፒደብሊው 6 ታይታኒየም ነጭ ነው። ሦስት መለያ የተደረደረበት ቱቦ ቀድሞ የተደባለቀ ስለሆነ በላዩ ሌላ ሲጨመርበት ቶሎ ይጨቀያል። ለተማሪ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ቀለም ደግሞ ከቀለሙ ዱቄት ይልቅ ማብዣው ይበዛል። ስለዚህ የገንዘብ ጥያቄ ለሚያነሱ መልሴ ይኸው ነው፦ 24 ደካማ ቱቦ በሚገዛበት ገንዘብ አምስት ደህና ቱቦ ይገዛ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። «ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲወስን ውሎ ደክሞታል፤ ማታ ቁጥር እየተከተለ ቀለም መሙላቱ ዕረፍቱ ነው፤ ለምን ታስጨንቁታላችሁ?» ይላል። ይህን አከብራለሁ። ዕረፍት ብቻ የፈለገ ሰው በባለቁጥሩ ሸራ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን መወሰን ሁሉ ያደክማል የሚለውን አልቀበልም። ዊንስተን ቸርችል ሥዕል የጀመረው በ1915፣ ከዳርዳኔልስ ዘመቻ ውድቀት በኋላ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ተነስቶ በተጨነቀበት ጊዜ፣ በ40 ዓመቱ ነው። ስለዚሁ በጻፈው መጽሐፍ የደከመ አእምሮ ሥራ በመፍታት ብቻ እንደማያርፍ፣ የሚያርፈው ሌላውን ክፍሉን ሲያሠራ እንደሆነ ይከራከራል። ይህ ከሥዕሉ ሥራ ጋር ይስማማል። ቁጥር እየሞላ ያለ ሰው እጁ ሲሠራ ሐሳቡ ወደ ዕዳውና ወደ አለቃው ለመመለስ ነፃ ነው። የጥላን ጥቁረት ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ጋር የሚያስተያይ ሰው ግን ለዚያ ሐሳብ ቦታ አይተርፈውም።

መጽሐፍ የተማሪውን ሥራ አያይም፤ ስህተቱን አያርምም። ይህም እውነት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው ከጀርባው ቆሞ የሚያርመው መምህር አለው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚማረው የለውም። ለእሱ ግን ሊዮናርዶ ራሱ የመከረው መላ አለ፤ ሥራውን በመስታወት ማየት። በመስታወት የተገለበጠ ሥዕል ለሠሪው እንግዳ ስለሚሆንበት፣ የተንጋደደው ዓይንና ያዘመመው ጠረጴዛ ወዲያው ይወጣሉ። ሥራውንም የሚሣለውንም ነገር በስልክ በጥቁርና ነጭ አንስቶ ማስተያየት ደግሞ የጥላውን ስህተት ያሳያል፤ በቀለም ድምቀት የተሸፈነው ጉድለት ቀለሙ ሲነሳ ይታያል።

በእጁ ያለው ባለቁጥር ሸራ ብቻ ለሆነ ሰውም መንገድ አለ፤ ሣጥኑ ከወሰነው ላይ በየተራ አንዱን መንጠቅ። መጀመሪያ ብልቃጦቹን ወደ ጎን አድርጎ ከአምስቱ ቱቦ እያንዳንዱን ቀለም አደባልቆ ማመሳሰል ነው፤ ቀለሙ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከሆነ፣ ሲደርቅ ጥቂት ስለሚጠቁር እርጥቡን ከታሰበው ፈካ አድርጎ መተው ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚነጠቀው ጠርዝ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉንም ድንበር እኩል ስለት ይሰጡታል፤ የእውነት ጉንጭ ግን ወደ ጥላው የሚዞረው ቀስ ብሎ ነው፤ አፍንጫው ጉንጩ ላይ የጣለው ጥላ ብቻ ጥርት ያለ ጠርዝ ይኖረዋል። የትኛው ድንበር እንደሚለሰልስና የትኛው እንደሚቆይ ክዳኑን ሳይሆን በአጠገቡ የተቀመጠ ሰው ፊት አይቶ መወሰን አለበት። አክሪሊክ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ ማለስለስ የሚቻለው ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን እርጥብ እንዳሉ ነው። የሣጥኑ መመሪያ አንዱን ቁጥር በየቦታው ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሄድን ይመክር ይሆናል፤ እዚህ ላይ መመሪያውን ትቶ 9 ቁጥር ሳይደርቅ ጎረቤቱን 14 መቀባትና በንጹሕ፣ ርጥበት ባለው ብሩሽ ድንበራቸውን አንድ ጊዜ መሳብ ይገባል።