ከጥሪው ርቀት ያለፈ ከርነል

ሊኑክስን ያሉትን አማራጮች ሁሉ «አዎ» ብሎ ለ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ለመገንባት የሞከረ ሰው አንድ መልእክት በደንብ ያውቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች በሰላም ኮምፓይል ከተደረጉ በኋላ ሊንከሩ ሁሉንም ሊያገጣጥም ሲነሳ፣ ሪሎኬሽኑ፣ ማለትም ሊንከሩ የሚሞላው አድራሻ፣ ቦታ ስላልበቃው እንደተቆረጠ የሚናገር መስመር ይወጣል፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ኮዱ ትክክል ነው። ሲምቦሉም አለ። ተጠሪው ከጠሪው በጣም ራቀ፣ በቃ።

ርቀቱን የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ነው። በአርም አንድ ትእዛዝ 32 ቢት ነው። ፈንክሽን የሚጠራው ትእዛዝ ከእነዚህ 8ቱን ለራሱ ማንነትና ለሁኔታ መፈተሻ ስለሚወስድ ለርቀት የሚተርፈው 24 ቢት ነው። ትእዛዞች ሁልጊዜ በ4 ባይት ድንበር ላይ ስለሚያርፉ ርቀቱ አራት አራት እየተደረገ ይቆጠራል፤ ግማሹ ወደፊት፣ ግማሹ ወደኋላ ሲከፈል በየአቅጣጫው 32 ሜጋባይት ይደርሳል። ፓወርፒሲም ለጥሪ የሰጠው 24 ቢት ነው፤ ሁኔታ ፈትሾ የሚዘለው ትእዛዙ ግን 14 ቢት ብቻ ስላለው ከ32 ኪሎባይት አያልፍም። 64 ቢቱ አርም በ26 ቢት ክልሉን ወደ 128 ሜጋባይት አስፍቶታል። በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ማሽኖች ላይ ብቻ የሠራ ባለሙያ ይህን ችግር ሳያየው ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ እዚያ ጥሪ እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል።

«ይህን ያህል የገዘፈ ከርነል ማን ያስነሳዋል?» የሚሉ አሉ። ማንም ላያስነሳው ይችላል። ግን ሁለት ድራይቨሮች አንድ ስም መጋራታቸው፣ ወይም አንዱ የሚጠራው ፈንክሽን የትም አለመኖሩ የሚታወቀው ሊንክ ሲደረግ ነው። እስከ መጨረሻ የማይገጣጠም ግንባታ ግማሽ ፈተና ነው። ደግሞም እያንዳንዱን የሜሞሪ ንክኪ የሚከታተሉ የስህተት መፈለጊያ አማራጮች ሲበሩ፣ ለእውነተኛ ሥራ የታሰበ ከርነልም ሳይታሰብ ያብጣል።

ሊንከሩ ለዚህ ያለው መድኃኒት ስተብ ነው፤ የአርም ሰዎች ቬኒር ይሉታል። ሩቁን ፈንክሽን በቀጥታ ከመጥራት ፋንታ በቅርብ ወደተቀመጠ ትንሽ ኮድ ይዘለላል፤ ያ ኮድ ደግሞ ወደ ሩቁ ያደርሳል። በአርም አጭሩ ስተብ 8 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ትእዛዝና አንድ አድራሻ። ትእዛዙ «ከፕሮግራም ካውንተሩ 4 ቀንሰህ እዚያ ያለውን ቁጥር ወደ ፕሮግራም ካውንተሩ ጫን» ይላል። በአርም ፕሮግራም ካውንተሩ ሲነበብ ከራሱ ትእዛዝ 8 ባይት ቀድሞ ስለሚታይ፣ 4 ሲቀነስ በትክክል ቀጥሎ ያለው አድራሻ ላይ ያርፋል። የመመለሻው አድራሻ ስለማይነካ ተጠሪው ሥራውን ሲጨርስ ስተቡን ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ ጠሪው ይመለሳል። ስንት ጊዜ ባየውም ያስደንቀኛል።

ስተብ በማስገባት ብቻ ግን አያልቅም። እያንዳንዱ ስተብ ከኋላው ያለውን ኮድ ስለሚገፋ፣ ቀድሞ ይደርስ የነበረ ጥሪ አሁን ላይደርስ ይችላል። ሊንከሩ አድራሻ ያሰላል፣ ስተብ ይጨምራል፣ እንደገና ያሰላል፣ ለውጥ እስከሚቆም ድረስ።

ዋናው ጥያቄ ስተቡ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ሊንከሩ ስተብ የሚያስገባው በሴክሽንና በሴክሽን፣ ማለትም ኦብጀክት ፋይሎች በተከፋፈሉባቸው ክፍሎች፣ መካከል ብቻ ነው። የአንድን ሴክሽን ሆድ ቀዶ መግባት አይችልም፤ በውስጡ ያሉት አጫጭር ዝላዮች ቀድመው ተሰልተው አልቀዋልና። ተሸምኖ ባለቀ ጋቢ መሃል ድር አይጨመርም። የድሮው የሊኑክስ አገነባብ ደግሞ ጋቢውን ቀድሞ ሸምኖ ይጨርስ ነበር። በየዳይሬክተሪው ያሉትን ኦብጀክት ፋይሎች በከፊል ሊንክ ወደ አንድ ፋይል ይቀልጣቸው ነበር፤ ያ ፋይል ከሌሎች ጋር በበላዩ ዳይሬክተሪ እንደገና ይቀልጣል። የድራይቨሮቹ ኮድ ሁሉ ወደ መጨረሻው ሊንክ ሲደርስ ክፍተት የሌለው አንድ ግዙፍ ሴክሽን ሆኗል። በፓወርፒሲ ትልልቅ ግንባታዎችን ያከሸፈው ይህ ነው።

በ2016 የከርነል ገንቢዎቹ ስቲቨን ሮዝዌል ያዘጋጀውና ኒኮላስ ፒጊን ወደ ፍጻሜ የገፋው ለውጥ መፍትሔ አመጣ። በከፊል ሊንክ ቦታ ቲን አርካይቭ ገባ፤ ይህ ፋይሎቹን ሳይገለብጥ የት እንዳሉ ብቻ የሚመዘግብ ነው። ስለዚህ ሊንከሩ በመጨረሻ የሚያገኘው የእያንዳንዱን ኦብጀክት ሴክሽን ለየብቻው ነው፤ ስተብ የሚያስገባበት ክፍተትም በሽ በሽ ይሆንለታል። በፓወርፒሲ የተጀመረው ለሁሉም አርክቴክቸር ተዳረሰ፣ በ2018ም የየዳይሬክተሪው ፋይል ስሙ ሳይቀር እንደ አርካይቭ ተቀየረ። የፕሮሰሰሩ ክልል አንድ ባይት አልጨመረም። ጊዜው ሳይደርስ ይጣበቅ የነበረው ነገር እስከ መጨረሻ ተለያይቶ እንዲቆይ ተደረገ እንጂ።

ስተብ የማይሆንበት ቦታም አለ። ከርነሉ የተጠቃሚን ሜሞሪ ሲያነብ አድራሻው ልክ ካልሆነ ፕሮሰሰሩ ንባቡን ያቋርጣል፤ ከርነሉም የስህተት ቁጥር ወደሚያስቀምጥ ትንሽ ኮድ ይሄድና ወደ ፈንክሽኑ መሃል ይዘላል። ይህ ዝላይ ርቆ ስተብ ካስፈለገው ችግር ይመጣል፤ አንዳንድ ስተቦች 12ኛውን ሬጅስተር ይጠቀማሉ። በተራ ጥሪ ይህ የተፈቀደ ነው፤ በፈንክሽን መሃል ግን ኮምፓይለሩ እዚያው ሬጅስተር ላይ የሚፈልገውን ነገር አስቀምጦ ሊሆን ይችላል። እነዚህ የማስተካከያ ኮዶች ደግሞ በአርም ከየፋይሉ ተለቅመው በአንድ ስፍራ፣ ከየባለቤቶቻቸው ርቀው ይከማቹ ነበር። በ2015 ሌላው የከርነል ገንቢ አርድ ቢሽዩቬል የያዛቸውን ሴክሽን ስም ቀይሮ የሴክሽኖችን አደራደር በሚወስነው የሊንከር ስክሪፕት ከዋናው የኮድ ሴክሽን ጋር በአንድ ቅንፍ ውስጥ አስገባው። ሁለት ስሞች በተለያየ ቅንፍ ሲጻፉ ሊንከሩ መጀመሪያ የአንዱን ከሁሉም ፋይል ይሰበስባል፣ ከዚያ የሌላውን። በአንድ ቅንፍ ሲሆኑ የእያንዳንዱን ፋይል ሁለቱንም አጎራብቶ ያስቀምጣል። በአንዲት ቅንፍ የሜጋባይቶች ርቀት ይጠፋል። ስክሪፕቱን የማያነብ ሰው ግን ይህን ከየትም አያገኘውም።

በ64 ቢት ፓወርፒሲ ደግሞ የከርነሉ ራስ በቋሚ አድራሻ ነው የሚቀመጠው፤ የሲስተም ሪሴት መግቢያ 256ኛው ባይት ላይ፣ የሲስተም ኮል መግቢያ 3072ኛው ላይ። ሊንከሩ ከዚያ ፊት ስተብ ቢሰነቅር ሁሉም ይዛነፋል። ስለዚህ እነዚያን ስተቦች ወደ ሌላ ቦታ የሚስብ አማራጭ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ከሊንክ በኋላም የከርነሉ ራስ ቦታውን አለመልቀቁን የሚያጣራ ስክሪፕት ይሮጣል።

ወጣት ባልደረቦቼ ይህ መልእክት ሲገጥማቸው ቶሎ የሚያነሡት ኮምፓይለሩን «ሁሉንም ጥሪ ረጅም አድርግ» የሚለውን አማራጭ ነው። እኔ መጀመሪያ የሪሎኬሽኑን ዓይነት፣ ከዚያ የሊንከሩን ማፕ ፋይል እንዲያዩ እለምናቸዋለሁ፤ ያለልክ የገዘፈውን ሴክሽን ማፑ ያሳያል፣ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ፈንክሽን በየራሱ ሴክሽን እንዲያስቀምጥ ማዘዝም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ረጅም ጥሪ በየቦታው አድራሻ ወደ ሬጅስተር ይጭናል፤ ጥቂቶች ስለራቁ ጎረቤቱን የሚጠራው ሁሉ ይቀጣል፣ ከርነሉም ይባስ ብሎ ያብጣል። በአሴምብሊ በእጅ የተጻፈውን ኮድ ደግሞ ያ አማራጭ ጨርሶ አይነካውም፤ መልእክቱ ከዚያ የመጣ ከሆነ ፋይሉን ከፍቶ ዝላዩን አንድ በአንድ ማየት የግድ ነው።